ናባልና አቢግያ፦ አንድ ቤት፣ ሁለት መንገድ

ምሳሌ 14፥1 ቤት በጥበብ እንደሚሠራ፣ በስንፍና እንደሚፈርስ ይነግረናል። 1ኛ ሳሙኤል 25 ላይ ሁለቱም በአንድ ጣሪያ ሥር ይኖራሉ።

ናባል 3,000 በግና 1,000 ፍየል ነበረው። እረኞቹን የጠበቁለት የዳዊት ሰዎች ምግብ ሲለምኑት ግን ሰደባቸው። ዳዊት 400 ሰው አስከትሎ በሰይፍ መጣ። አንድ ክፉ አፍ ቤቱን ሊያስጨርስ ነበር።

አቢግያ ከባሏ ጋር አልተጨቃጨቀችም። ፈጥና 200 እንጀራና ሌላም ስንቅ በአህያ ጫነች። ዳዊት እግር ሥር ወድቃ፣ የእግዚአብሔርን ስም ጠርታ፣ ደም እንዳያፈስ ለመነችው። ተመለሰላት።

እኔን ይበልጥ የሚነካኝ ግን ማታ ያደረገችው ነው። ናባል ሰክሮ አገኘችው። ምንም አልነገረችውም፤ እስኪነጋ ጠበቀች። ስንቶቻችን ነን እንዲህ የምንታገሠው? እኔ የቤት ጸብን በሌሊት ማንሳት የተውኩት ይህን ካነበብኩ በኋላ ነው።