የሃስ አቮካዶ ችግኝ፦ ከ4 ዓመት በኋላ የተጻፈ ግምገማ

ከ4 ዓመት በፊት ከአንድ የግል ችግኝ ጣቢያ 12 የሃስ አቮካዶ ችግኞች ገዝቼ ተክያለሁ። ሻጮቹ «የተዳቀለ» ይሉታል፤ ቃሉ ግን ገዢን ያሳስታል ብዬ አምናለሁ። ችግኙ የሁለት ዝርያዎች ልጅ ሳይሆን ከዘር በበቀለ ሥር ላይ የሃስ ቀንበጥ ተጣብቆ ያደገ ነው፤ ስለዚህ ከመጋጠሚያው በላይ ያለው ክፍል፣ ሩዶልፍ ሃስ የተባለ የካሊፎርኒያ ፖስተኛ በ1935 እ.ኤ.አ. የባለቤትነት መብት ያገኘበት የዚያ አንድ ዛፍ ቅጂ ነው።

ከዘር ከበቀለው ይልቅ ውድ መሆኑ ተገቢ ነው። የአቮካዶ አበባ መጀመሪያ በሴትነት፣ በማግስቱ ደግሞ በወንድነት ስለሚከፈት ከሌላ ዛፍ ጋር በቀላሉ ይዳቀላል፤ በመሆኑም የአንድ ምርጥ ዛፍ ፍሬዎች ቢዘሩ ልጆቹ በፍሬ መጠንም፣ በቅርጽም፣ በምርትም ይለያያሉ። በተለይ የምርት ብዛት በበርካታ ዘረመሎችና በአካባቢ ሁኔታ ስለሚወሰን ከወላጅ ወደ ልጅ የመተላለፍ ደረጃው በአብዛኛው ዝቅተኛ ነው፤ እናቲቱ ብዙ ማፍራቷ ለልጆቿ ዋስትና አይሆንም።

የእኔዎቹ በ3ኛው ዓመት ማፍራት ጀመሩ። ፍሬያቸው በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ነው፤ ቆዳው ሻካራ፣ ሲበስል የሚጠቁር፣ ሥጋው ቅቤ የመሰለ። በዚህ ረገድ የተነገረኝንና የከፈልኩበትን በትክክል አግኝቻለሁ፤ ደስታዬም ትልቅ ነው።

ምርቱ ግን እኩል አይደለም፤ 3ቱ ዛፎች የሌሎቹን ግማሽ እንኳ አያፈሩም። ቀንበጡ አንድ ከሆነ ልዩነቱ የሚመጣው ወይ ከቦታው ወይ ከሥሩ ነው። ሁለቱ የቆሙት በክረምት ውኃ በሚተኛበት ጥግ ሲሆን፣ የአቮካዶ ሥር እንዲህ ባለ መሬት ላይ ለመበስበስ የተጋለጠ በመሆኑ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የጣቢያው አይደለም። 3ኛው ግን ከጤነኛ ዛፍ አጠገብ፣ በደህና አፈር ላይ ነው ያለው፤ እንክብካቤውም ያው ነው። እዚህ ላይ ሥሩን እጠረጥራለሁ፤ ሥሩ ከዘር የበቀለ ነውና እያንዳንዱ ችግኝ የራሱን የዘረመል ልዩነት ከመሬት በታች ይዞ ይመጣል። ከየትኛው ዛፍ ዘር እንደበቀለ ስጠይቅ «ከአገሬው አቮካዶ» ከማለት ያለፈ መልስ አላገኘሁም፤ መለያው ላይ የተጻፈውም የሃስ ስም ብቻ ነው።

ከሃስ ጋር በአበባ ሰዓት የሚደጋገፍ፣ ማለትም የሃስ አበባ በሴትነት ሲከፈት የእሱ በወንድነት የሚከፈት፣ እንደ ፉዌርቴ ወይም ኤቲንገር ያለ ዝርያ እንድጨምር ሲሸጡልኝ አለመንገራቸውም አሳዝኖኛል።

በመጪው ክረምት 6 ችግኞች ለመጨመር አስቤያለሁ። ከዚያው ጣቢያ የምገዛው ግን የሥሩን ምንጭ ጽፈው ከሰጡኝ ብቻ ነው።