ኩሽኔታ ከመሸጡ በፊት ዘንጉን የሚለካው ቶርኖ ቤት

ጎንደር ውስጥ ወፍጮ፣ የዘይት መጭመቂያ ወይም የብሎኬት ማሽን ያላችሁ ይህን አንብቡልኝ።

የእኔ የእህል ወፍጮ ነው። ለጥምቀት 10 ቀን ሲቀረው፣ ሰው የጤፍ ጆንያውን ይዞ በር ላይ ተሰልፎ ሳለ፣ ማሽኑ ማጓራት ጀመረ። በፑሌጃው (ቀበቶው በሚጠመጠምበት መዘውር) በኩል ያለውን የኩሽኔታ ቤት ብነካው እጄን ለበለበኝ። ኩሽኔታው፣ ዘንጉ በቀላሉ እንዲዞር የሚሸከመው ባለ ኳስ ቀለበት፣ ከገባ ገና 3 ሳምንቱ ነው! የሸጠልኝን ሱቅ ስም አላነሳም። "ኦርጅናል ነው" ብሎ ነው የሰጠኝ፤ የገጠመው ልጅ ደግሞ የውጩን ቀለበት በማርቴሎ (በመዶሻ) እየደበደበ ነው ያስገባው፤ እኔም ቆሜ እያየሁ ዝም አልኩ።

ወደ አዘዞ መንገድ ያለውን ቶርኖ ቤት የጠቆመኝ አንድ የባጃጅ ሹፌር ነው። ቤቱ ታፔላ የለውም። ቆርቆሮ ቤት ሆኖ ደጃፉ ላይ አሮጌ ፑሌጃና የተቆራረጠ ዘንግ ከተቆለለ እሱ ነው። ውስጡ ቶርኖ (ብረት እያዞረ የሚቀርጽ ማሽን)፣ የብየዳ ማሽን፣ ግድግዳው ላይ በየቁጥሩ የተሰቀለ ቺንጋ (የማሽን ቀበቶ) አለ።

"6308 ቁጥር ኩሽኔታ ይስጡኝ" አልኩ። ባለሙያው በዕድሜ ገፋ ያሉ ናቸው። "መጀመሪያ ዘንጉን አምጪልኝና ልየው፣ ልጄ" አሉኝ። እውነቱን ለመናገር ተናደድኩ፤ ዘንግ ፈትቶ፣ አስጭኖ ማምጣት ግማሽ ቀን የሚበላ ሥራ ነው፣ ደጄ ላይ ደግሞ ሰው ቆሟል። ግን አመጣሁት። ኩሽኔታው የሚቀመጥበትን ቦታ በማይክሮሜትር እያዞሩ 3 ጊዜ ለኩት። 40 ሚሊ ሜትር መሆን የነበረበት 39.8 ሆኗል።

"ጋሼ፣ 0.2 ሚሊ ምን ታመጣለች?" አልኳቸው። አሮጌውን ኩሽኔታ ዘንጉ ላይ አጥልቀው በጣታቸው ገፋ አደረጉት። የውስጡ ቀለበት እንደ ሰፋ የጣት ቀለበት ዘንጉ ላይ ዞረ። ለካ ነገሩ ይሄ ነው! ዘንጉን ይዞ መዞር ሲገባው በላዩ ላይ ይንሸራተታል፣ ይፋጫል፣ ይግላል፣ ግራሶው (ቅባቱ) ቀልጦ ይወጣል፣ ከዚያ ኳሶቹ ይበላሉ። ሌላ 10 ኩሽኔታ ብገዛ 10ሩም ይቃጠል ነበር።

የማርቴሎውንም ጉዳይ አሳዩኝ። የውጩን ቀለበት ሲመቱት ምቱ በኳሶቹ አልፎ ነው ወደ ውስጥ የሚደርሰው፤ ኳሶቹ የሚሮጡበት መንገድ ላይ ጠባሳ ይቀራል። ፈትተው ሲያሳዩኝ ትንንሽ ጎድጓዳዎች በእኩል ርቀት ተደርድረው አየሁ።

የቁጥሩንም ምስጢር ነገሩኝ። 6308 ላይ የመጨረሻው 08 በ5 ሲባዛ 40 ይሆናል፤ የዘንጉ ውፍረት ማለት ነው። ከ04 ጀምሮ እንደዚያ ነው፤ 6205 ለ25 ሚሊ ዘንግ። ሲ3 የሚል ካለበት ኳሶቹ ትንሽ ሰፋ ያለ ክፍተት አላቸው፣ ለሚግል ማሽን ይሆናል። እሳቸው ኩሽኔታ፣ ልጃቸው ቤሪንግ ይላል። ኩሽኔታ፣ ቺንጋ፣ ፑሌጃ፣ ቶርኖ ሁሉም የጣሊያን ቃል ነው። ጣሊያን በ1934 ዓ.ም. እዚሁ ጎንደር ላይ እጁን ሰጥቶ ሄደ፤ ቃሉ ግን ጋራዥ ውስጥ ቀረ።

ወደ ሥራው ልመለስ። የተበላውን ቦታ በብየዳ ሞልተው፣ ቶርኖ ላይ አስረው ወደ ልኩ አወረዱት። ከ40 ሚሊ ሜትር በአንድ መቶኛ ሚሊ ያህል ብቻ ከፍ አደረጉት። አዲሱን ኩሽኔታ የድስቱን ታች እንዳይነካ በሽቦ አንጠልጥለው ዘይት ውስጥ አሞቁት፤ ቴርሞሜትሩ 100 አካባቢ ሲደርስ አወጡት። በወፍራም ጓንት ይዘው ገፋ ሲያደርጉት ሰተት ብሎ ገባ። አንድም መዶሻ አልተነሳም!

ልጃቸው ወፍጮ ቤቴ ድረስ መጥቶ ነው የገጠመው። በ2ቱ ፑሌጃዎች ፊት ላይ ሲባጎ ወጥሮ ሲያይ የሞተሩ ፑሌጃ ወጣ ብሎ ተገኘ፤ አስተካከለው። ከ3ቱ ቺንጋዎች አንዱን ብቻ ቀይሬ ስለነበር ሸክሙን ሁሉ እሱ ብቻውን ሲጎትት ኖሯል። 3ቱም አንድ ላይ ይቀየራሉ አለኝ። በእኔ ቁጥር እነሱ ጋ የነበረው 2 ብቻ ነው፤ አዲስና አሮጌ ደባልቀን አንገጥምም ብለው 3ቱንም አራዳ ሄጄ እንድገዛ ላኩኝ። 2ቱን ሸጠው መገላገል ይችሉ ነበር።

ቅሬታም አለኝ። በ2 ቀን ይደርሳል ተብዬ 4 ቀን ፈጀ። መብራት ሲጠፋ ቶርኖው ይቆማል፣ ጀነሬተር የላቸውም። ይሄን እረዳለሁ፤ ግን ደውሎ መንገር ምን ይከብዳል? እኔ በየቀኑ ባጃጅ እየከፈልኩ ተመላለስኩ። ደረሰኝም እስክጠይቅ አልሰጡኝም። ለዘንጉ ሥራ 4,000 ብር ከፈልኩ፤ አልቆጨኝም።

ለጥምቀት 5 ቀን ሲቀረው ሥራ ጀመርን። ከ3 ሰዓት ሥራ በኋላ የኩሽኔታ ቤቱን በመዳፌ ያዝኩት። ሞቅ ይላል እንጂ አያቃጥልም፤ እጄን እዚያው አስቀምጬ ከደንበኛ ጋር አወራሁ። የምትሄዱ ከሆነ ጠዋት ሂዱ፣ ዘንጉንም አሮጌውን ኩሽኔታም አብራችሁ ያዙ።