ለልጄ ችፌ መላ የሰጠችን ሲስተር

ይህን ምስጋና ስንት ጊዜ ጀምሬ ተውኩት። ትናንት ግን ልጄ ሌሊቱን ሙሉ ሳታክክ አደረች፣ ከእንግዲህ ዝም ብል ነውር ነው።

ከ4 ወሯ ጀምሮ ችፌ አለባት። ጉንጯ ላይ ጀምሮ ክርንና ጉልበቷ መታጠፊያ ገባ። ያየ ሁሉ «የመከላከል አቅሟ ደካማ ነው» ይለኛል፣ እኔም አምኜ ቪታሚን ስግታት፣ እንቁላልና ወተት ስከለክላት ከረምኩ። የደም ምርመራዋ ላይ አይጂኢ የሚባለው (ከአለርጂ ጋር የሚያያዝ የመከላከያ ፕሮቲን) ከፍ ብሎ ሲመጣማ አለቀልኝ አልኩ።

በልጆች የቆዳ ክሊኒክ የምትሠራ አንዲት ሲስተር ናት ወረቀቱን ይዛ አጠገቤ ቁጭ ያለችው። «ውሻው አለ፣ ግን ሌባውን ትቶ ጎረቤት ላይ ይጮኻል» አለችኝ፣ ውሻው የልጄ የመከላከል አቅም መሆኑ ነው። የቆዳው አጥር ይሳሳል (አንዳንድ ልጆች ፊላግሪን የሚባል ፕሮቲን ከትውልዳቸው ያንሳቸዋል)፣ አቧራው ሾልኮ ሲገባ የመከላከያ ሴሎቹ ኢንተርሉኪን 4 እና 13 የሚባሉ መልእክተኞች ይልካሉ፣ እነሱ ደግሞ ቆዳውን ያስቆጡና አጥሩን ይብስ ያሳሱታል፣ ቆዳው ራሱ የሚያመርተውን ጀርም ገዳይም ይቀንሱታል። ስታፊሎኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ቆዳው ላይ የሚሰፍረው ለዚህ ነው። ከንፈሩ ላይ ምች የወጣበት ሰው ልጄን እንዳይስማት ያስጠነቀቀችኝም ለዚሁ ነው፤ ምቹን የሚያመጣው ቫይረስ ችፌው ላይ በፍጥነት ይዛመታል፣ ውሃ የቋጠሩ ትንንሽ ቁስሎች ከትኩሳት ጋር ካያችሁ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ነው። ይህን ከዚያ በፊት ማንም አልነገረኝም!

አይጂኢ ችፌ ባለባቸው ልጆች ብዙ ጊዜ ከፍ ይላል፣ ብቻውን የምግብ አለርጂ ማለት አይደለም። እንቁላሉን ከሐኪሙ ጋር ሆነን መለስነው። በራሳችሁ ግን አትሞክሩት።

የስቴሮይድ ቅባቱን ፈርቼ የክብሪት ጫፍ የምታህል ነበር የምቀባት። ከአዋቂ ሌባ ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ የወጣ ቅባት የአዋቂ ሁለት መዳፍ (ከነጣቶቹ) ስፋት ላለው ቆዳ እንደሚበቃ በራሷ ጣት ለክታ አሳየችኝ። ተቆጥታኛለችም፣ ይገባኛል። ማለስለሻው ደግሞ ቆዳው ደህና በሆነበት ቀንም አይቋረጥም።

ድኗል አልልም፣ አልፎ አልፎ ያገረሻል። ግን እንቅልፍ አለን።

ስሟን እዚህ አልለጥፍም፣ በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ክሊኒኩን እነግራለሁ። ወረፋው ረጅም ነው፣ ጥያቄያችሁን ጽፋችሁ ሂዱ፤ እሷ እንደሆነ ሳትመልስ አትሸኝም።