«ሙሉ ሴት» የሚባለውን የመለኪያ ሳጥን ከመግዛታችሁ በፊት

ጓሮ ጥግ ላይ ሞርሳና ግራይንደር አቁሞ ሥራ ለሚጀምር ሰው በደሴም፣ በኮምቦልቻም፣ ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ በተዘረጋ ሸራ ላይም የሚቀርብለት አንድ ዕቃ አለ። ሜትር፣ ዲጂታል ካሊፐር (ውፍረትና ዲያሜትር በመንጋጋ ይዞ የሚለካ)፣ ስኳድራ (የ90 ዲግሪ ማዕዘን ማረጋገጫ)፣ ትንሽ ውሃ ልክ፣ የብረት ማስመሪያና ቱምቢ በአንድ የፕላስቲክ ሳጥን። የስድስቱ ዋጋ ተደምሮ አንድ ደህና ካሊፐር ከሚያወጣው ያንሳል። «አብሽር፣ ወላሂ ኦርጅናል ነው» ይጨመርበታል። አትግዙት።

ከስድስቱ ለሥራ የሚበቃው አብዛኛውን ጊዜ ማስመሪያውና ቱምቢው ነው፤ ቱምቢ ደግሞ ከባድ ነገር በሲባጎ ማንጠልጠል ስለሆነ ገንዘብ የሚወጣበት አይደለም። የቀሩት አራቱ ቢዋሹ ወዲያው አይታወቅባቸውም። የደነዘ መጋዝ በመጀመሪያው ቁርጥ ራሱን ያጋልጣል፤ የተሳሳተ ስኳድራ ግን በሩ ተበይዶ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ ማጠፊያው ላይ ሲሰቀል ነው የሚታወቀው። ያኔ የባከነው የሳጥኑ ዋጋ ብቻ አይሆንም፤ ብረቱም ኤሌክትሮዱም አብሮ ሄዷል።

ሰው ሳጥኑን የሚያነሳው በካሊፐሩ ተስቦ ነው። የእነዚህ ሳጥኖች ካሊፐር በብዛት አካሉ ፕላስቲክ ነው፤ ስክሪኑ በ0.1 ሚ.ሜ እርከን ያሳያል፣ ስህተቱ ግን እስከ 0.2 ሚ.ሜ ይደርሳል። ለጣውላና ለችፑድ ከበቂ በላይ ነው። አርኤችኤስ (ባለ አራት ማዕዘን ቱቦ ብረት) ልትመርጡበት ከሆነ ግን ከንቱ ነው። ውፍረቱ 1.5 ሚ.ሜ ነው ተብሎ የሚሸጥላችሁ ብረት 1.2 ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱን የሚለያቸው 0.3 ሚ.ሜ ብቻ ነው። ካሊፐሩ 0.2 ሲዋሽ፣ በላዩ ላይ ደግሞ ቀለሙና ግራይንደሩ ጫፉ ላይ የተወው ሻካራ ጠርዝ ሲደመር 1.2ቱ 1.5 ሆኖ ቁጭ ይላል። ደህና ካሊፐር ይዛችሁም ቢሆን የብረቱን ጫፍ በሞረድ ሁለት ሦስት ጊዜ ሳትስሉ አትለኩ፤ ከውስጥም ከውጭም።

0.01 የሚያሳይ የብረት ዲጂታል ካሊፐር ያለባቸው ሳጥኖችም አሉ። 0.01 ማሳየትና እስከ 0.01 ትክክል መሆን ግን ለየቅል ናቸው። የጃፓኑ ሚቱቶዮ እንኳ የተለመደው 150 ሚ.ሜ ዲጂታል ካሊፐሩ እስከ 0.02 ሚ.ሜ ሊሳሳት እንደሚችል ራሱ ይጽፋል። የዚህ ኩባንያ ስም በፎርጅድ ዕቃ ላይ በብዛት ይለጠፋል፤ ማሸጊያውም፣ ውስጡ ያለው ወረቀትም ተመሳስሎ ይታተማል። ዋጋው አጠገቡ ከተቀመጠው ስም የለሽ ካሊፐር ትንሽ ብቻ ከፍ ካለ የገዛችሁት ጽሑፉን ነው።

ካሊፐር ለመፈተን አንድ አዲስ 6202 ኩሽኔታ (ቤሪንግ) ኪሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ። የመለዋወጫ ሱቆች የሚያውቁት ቁጥር ነው። የውጭ ዲያሜትሩ 35፣ ቀዳዳው 15 ሚ.ሜ ሲሆን በመደበኛው የጥራት ደረጃ የተሠራ ከሆነ የውጩ ልክ ከ35 የሚጎድለው ቢበዛ 0.011 ሚ.ሜ ነው። በዚህ ዋጋ ከዚህ የተሻለ መፈተኛ አታገኙም። ውፍረቱ 11 ሚ.ሜ ቢባልም በእሱ አትፈትኑ፤ ውፍረቱ እስከ 0.12 እንዲያንስ ይፈቀድለታል። በኤ4 ወረቀት ፈትሹ የሚሉም አሉ። 297 ሚ.ሜ ነው የሚባለው ርዝመቱ 2 ሚ.ሜ ቢበልጥ ወይም ቢያንስ በደረጃው መሠረት ስህተት ስላልሆነ እሱንም ተዉት።

አፈታተኑ እንዲህ ነው። የካሊፐሩን መንጋጋ ንጹሕ ወረቀት ቀስ ብላችሁ አስነክሳችሁ ወረቀቱን ሳቡት፤ ቅባቱና ብናኙ ይወጣል። ዝጉትና ወደ ሰማይ ብርሃን አንሱት። ጫፉ ላይ ብቻ ጭላንጭል ከታየ መንጋጋው ተንጋዷል። ከዚያ ዜሮ አድርጋችሁ አሥር ጊዜ ክፈቱ፣ ዝጉ፤ አንዳንዴ በዝግታ፣ አንዳንዴ በፍጥነት። በተዘጋ ቁጥር ወደ 0.00 መመለስ አለበት፤ 0.01 ወዲህ ወዲያ ይታገሡታል፣ ከዚያ በላይ ከሄደ መልሱለት። ቀጥሎ ኩሽኔታውን አንዴ በመንጋጋው ሥር፣ አንዴ በጫፉ አስይዛችሁ ለኩ። ሁለቱ ንባቦች ከ0.03 በላይ ከተራራቁ ተንሸራታቹ ይወላገዳል። ጎኑ ላይ ያሉት ሁለት ደቃቅ ብሎኖች ሲጠብቁ የሚስተካከል አለ፤ ግን ባለሱቁ ፊት አጥብቃችሁ ደግማችሁ ለኩ እንጂ «ቤት ስደርስ አስተካክለዋለሁ» ብላችሁ አትክፈሉ። በመጨረሻ በላይኞቹ ትንንሽ መንጋጋዎች ቀዳዳውን ለኩ። ርካሾቹ ከ15 አሳንሰው ያነባሉ፤ የመንጋጋዎቹ ጠርዝ ስላልሳለ ክቡ ቀዳዳ ውስጥ በወጉ አይቀመጥም። ቀዳዳው በጠበበ ቁጥር ስህተቱ ይብሳል።

ባትሪው ሌላ ጣጣ ነው። ብዙ ርካሽ ዲጂታል ካሊፐር «ሲጠፋ» የሚጠፋው ስክሪኑ ብቻ ነው፤ ውስጡ እየሠራ ኤልአር44 ባትሪውን ይጨርሳል። ቁጥሩ ብልጭ ድርግም ማለት ከጀመረ ንባቡን አትመኑ። ስትጨርሱ ባትሪውን አውጥታችሁ አስቀምጡ፤ ውስጡ ከቆየ አፍስሶ መገናኛውን ያዝገዋል። እኛን ብትጠይቁን ለቤት ወርክሾፕ ባትሪ የሌለው የብረት ቬርኒየር (በመስመሮች የሚነበብ ካሊፐር) ይሻላል፤ 150 ሚ.ሜ፣ በ0.05 የሚነበብ። ማንበቡ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይለመዳል፤ መስመሮቹ በቀለም የታተሙ ሳይሆን የተቀረጹ መሆናቸውን ብቻ በጥፍራችሁ ዳስሱ።

ወደ ሜትሩ እንምጣ። ጫፉ ላይ ያለው መንጠቆ ወዲያ ወዲህ ሲል «ላልቷል» ብለው በመዶሻ መትተው የሚያጠብቁት አሉ። እንዳታደርጉት። መንጠቆው እንዲንቀሳቀስ ተደርጎ ነው የተሠራው፤ የሚንቀሳቀሰውም በራሱ ውፍረት ልክ፣ ወደ 1 ሚ.ሜ ነው። ከውጭ ስትለኩ ጠርዝ ይዞ ይሳባል፣ ከውስጥ ስትለኩ ግድግዳ ነክቶ ይገፋል፤ የራሱ ውፍረት በሁለቱም ላይ እንዳይቆጠር ነው። የርካሹ ሜትር ችግር ወይ መንጠቆው ከነጭራሹ አይንቀሳቀስም፣ ወይ የሪቬቱ ቀዳዳ ሰፍቶ 2 ሚ.ሜ ይሄዳል። መፈተኑ ቀላል ነው፦ ሜትሩን በ30 ሴንቲ ሜትር የብረት ማስመሪያ ጫፍ ላይ አንጠልጥላችሁ ሳቡና 30 ላይ መስመር ለመስመር መግጠማቸውን እዩ። ከዚያ ማስመሪያውንም ሜትሩንም ግድግዳ አስነክታችሁ እየገፋችሁ 30 ላይ ደግማችሁ እዩ። ከሁለቱ በአንዱ እንኳ ካልገጠመ ጥፋቱ የመንጠቆው ነው። የግድ በእሱ መሥራት ካለባችሁ ከ10 ሴንቲ ሜትር ጀምራችሁ ለኩና 10ን ቀንሱ። (ሳይቀንሱ መቁረጥ እጅግ የተለመደ ስህተት ነውና ቁጥሩን ብረቱ ላይ ጻፉት።)

መጀመሪያዎቹ ሴንቲ ሜትሮች አካባቢ የሮማ ቁጥር ፈልጉ፤ አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት ቋሚ ጭረት። የአውሮፓ የትክክለኛነት ደረጃ ነው። 5 ሜትር ላይ የአንደኛው ደረጃ ስህተት ቢበዛ 0.6፣ የሁለተኛው 1.3፣ የሦስተኛው 2.6 ሚ.ሜ ነው። ለበርና መስኮት ሁለተኛው ደረጃ ይበቃል። ምልክቱ ጨርሶ የሌለው ሜትር ላይ አምራቹ ለምንም ቃል አልገባላችሁም። ምልክቱ መኖሩ ብቻም ዋስትና አይደለምና ሱቁ ውስጥ ካለ ከሌላ ዓይነት ሜትር ጋር 5 ሜትር ዘርግታችሁ 1 ሜትሩ ላይ አግጥሙና መጨረሻቸውን አስተያዩ።

ሙቀቱም አለ። ሜትር የሚታረመው በ20 ዲግሪ ነው፤ ፀሐይ ላይ ቆይቶ 40 ዲግሪ የደረሰ ብረት ሜትር በ5 ሜትር ላይ ከ1 ሚ.ሜ ትንሽ የበለጠ ይረዝማል። አብሮት የሞቀ ብረት ስትለኩ ሁለቱም እኩል ስለሚረዝሙ ችግር የለም፤ ጉዳቱ ባቲ ፀሐይ ላይ የግንብ ክፍተት ለክታችሁ ደሴ ጥላ ሥር ስትቆርጡ ነው። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን ክፍተቱን የለካችሁበትም ብረቱን የምትቆርጡበትም ሜትር አንድ መሆኑ ነው። ሜትሩ ቢዋሽም በሁለቱም ቦታ እኩል ይዋሻል።

ስኳድራ ለመፈተን እርሳስና ጠርዙ ቀጥ ያለ ሰሌዳ ይበቃል። ስኳድራውን ጠርዙ ላይ አስደግፋችሁ መስመር ስቡ፤ ገልብጡትና ከዚያው ነጥብ ሌላ መስመር ስቡ። ሁለቱ መስመሮች ከተለያዩ የሚታየው ክፍተት የስህተቱ እጥፍ ነው። 30 ሴንቲ ሜትር ላይ 2 ሚ.ሜ ከተለያዩ ስኳድራው 1 ሚ.ሜ ይስታል ማለት ነው። ትንሽ ይመስላል። 80 በ200 ሴንቲ ሜትር የሆነ በር ላይ ግን ከላይ ወደ 7 ሚ.ሜ ይጠጋል፤ በሩ ወይ ይታሸጋል ወይ ጎኑን ይከፍታል። ስለዚህ ፍሬም ስትበይዱ ስኳድራውን ለመነሻ ብቻ ተጠቀሙበት፤ በነጥብ ካያያዛችሁት በኋላ ከማዕዘን ወደ ተቃራኒው ማዕዘን ሁለቱንም ሰያፍ ለኩ። ለዚህ በር ሁለቱም 215.4 ሴንቲ ሜትር መምጣት አለባቸው። ያ 7 ሚ.ሜ መንጋደድ እዚህ ላይ ወደ 5 ሚ.ሜ ልዩነት ሆኖ ይታያል፤ ረጅሙን ሰያፍ ከማዕዘኑ ገፋ አድርጋችሁ እኩል ሲሆን ሙሉ ብየዳውን ቀጥሉ።

ሳጥኑ ውስጥ ያለው ውሃ ልክ አጭር ስለሆነ ለመደርደሪያ እንጂ ለበር አይሆንም። የምትገዙት 60 ሴንቲ ሜትር ይሁን። የሱቁ ባንኮኒ ላይ አስቀምጡና አረፋው የቆመበትን እዩ፤ ጫፍና ጫፉን አዙራችሁ እዚያው ቦታ መልሱት። ባንኮኒው ዘመመም አልዘመመም አረፋው እንደ በፊቱ ወደዚያው አቅጣጫ በዚያው ልክ መቆም አለበት። ከዚያ አንዱን ጫፍ ሥር ተራ የጽሕፈት ወረቀት አንድ በአንድ አስገቡ። አንዱ ወረቀት ወደ 0.1 ሚ.ሜ ነው፤ ስድስት ወረቀት በ60 ሴንቲ ሜትር ላይ 1 ሚ.ሜ በሜትር ማለት ነው። ስድስት ገብቶ አረፋው ንቅንቅ ካላለ ጥላችሁት ሂዱ።

ለረጅም ርቀት ከማናቸውም የሚበልጠው፣ ከሁሉም የሚረክሰው፣ ስሙም የተገባው ብርሃን የሚያሳልፈው ጎማ ነው። 10 ሜትር ይበቃል። ውሃ ሙሉበት፣ በመሀል የአየር አረፋ እንዳይቀር ጎማውን እየመታችሁ አስወጡ፣ ስታነቡ ሁለቱም አፎች ክፍት ይሁኑ። ግማሹ ፀሐይ ግማሹ ጥላ ላይ እንዳይተኛም ተጠንቀቁ።

ሌዘር ሜትር አሁን ረክሷል፤ ርካሾቹም ቢሆኑ ክፍል ለመለካት ይሆናሉ። ስህተታቸው ግን ብዙ ጊዜ 2 ሚ.ሜ አካባቢ ስለሆነ ብረት አይቆረጥባቸውም፤ ደማቅ ፀሐይ ላይ ቀዩ ነጥብ ይጠፋል፣ መስታወት ላይም ንባቡ ይዘባርቃል።

እንግዲህ የሳጥኑን ዋጋ ይዛችሁ ከሆነ መጀመሪያ የ30 ሴንቲ ሜትር ብረት ማስመሪያና የተፈተነ 5 ሜትር ግዙ፤ ቀጥሎ ስኳድራ፣ ከዚያ ውሃ ልክ። ካሊፐር መጨረሻ ይምጣ፤ እስኪመጣ ኩሽኔታውን ሱቅ ወስዳችሁ ማስተያየት ትችላላችሁ። «አይነካም፣ አይከፈትም» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ወደሚቀጥለው ሱቅ እለፉ።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ እንዲቀየርላችሁ ወይም ገንዘባችሁ እንዲመለስ የመጠየቅ መብት ይሰጣችኋል፤ ያለ ደረሰኝ ግን የምትሟገቱበት ነገር አይኖርም። ባቲ ሰኞ ከሸራ ላይ የገዛችሁትን ማክሰኞ የምትመልሱለት ሰው እዚያ የለም። ከሱቅ ስትገዙም ደረሰኙ ላይ «ልዩ ልዩ ዕቃ» ሳይሆን «ካሊፐር፣ ብረት፣ 150 ሚ.ሜ» ተብሎ በስሙ ይጻፍላችሁ።