ጋይሮውን ላስጠግን ወይስ ጂ5 ልግዛ?

በአንድ ወር ውስጥ አራት ሰዎች ይህንኑ ጠየቁኝ። አንደኛው ለገጣፎ ቤቴ ድረስ መጥቶ የሴስና 172 አውሮፕላኑን ሰው ሠራሽ አድማስ፣ ያንን በውስጡ በሚሽከረከር ጋይሮ እየተመራ ሰማዩንና መሬቱን የሚያሳየውን ክብ መሣሪያ፣ በጋቢ እንደተጠቀለለ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው። መልሴ ለአራቱም አንድ ነው፤ ጋርሚን ጂ5 ግዙ፤ ያንኑ አድማስ በስክሪን የሚያሳየውን ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ። ምክንያቴን ከዋጋው ልጀምር፤ እንቅልፍ የሚነሳን እሱ ነውና።

የጋይሮ ጥገና ርካሽ ይመስላል። ውጭ አገር ልከን ስናስጠግን የምንጠየቀው ከ700 እስከ 1,000 ዶላር ነው። በዚህ ላይ መላኪያና መመለሻ አለ፤ የጉምሩክ ምልልስ አለ፤ አውሮፕላኑ ሥራ ፈትቶ የሚቆምባቸው ሳምንታት አሉ። ጋይሮ ደግሞ እንደ እንቁላል የሚያዝ ዕቃ ነው። አንዴ ተጠግኖ ሲመለስ መንገድ ላይ ወድቆ ኖሮ፣ ገጥመን ስናስነሳው ኩሽኔታው እንደ ወፍጮ አጉረመረመ። የከፈልነው ሁሉ መና ቀረ።

ከጋይሮው ጀርባ አየር እየሳበ የሚያዞረው የቫኪዩም ፓምፕ አለ፤ አዲሱ ከ500 ዶላር በላይ ነው። በውስጡ ያሉት የካርቦን ምላሶች ቀስ በቀስ ተፍቀው ያልቃሉ፤ የሚሰበሩበትን ቀን ግን አስቀድመው አይናገሩም። ጋይሮው ከ4.5 እስከ 5.5 ኢንች ሜርኩሪ (የግፊት መለኪያ ነው) የሚደርስ መሳብ ይፈልጋል። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ፣ ገና መሬት ላይ ሳላችሁ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። የእንጦጦን ጋራ ለማለፍ ስትወጡ ይበልጥ ይሳሳል። ባሕር ዳርቻ ላይ ዕድሜውን የሚጨርስ ፓምፕ እዚህ የሚለፋው ልፋት ሌላ ነው።

ጂ5 እ.ኤ.አ. በ2016 ሰርተፊኬት ላላቸው አውሮፕላኖች ሲፈቀድ 2,149 ዶላር ነበር፤ ዛሬ ከዚያ ጨምሯል። በዚያው በመነሻው ዋጋ እንኳ እናስላው። ዶላርን 150 ብር ብንይዝ 322,350 ብር ይመጣል። ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት፣ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ሳለ፣ ያው ዕቃ ወደ 122,500 ብር ነበር። ያኔ «ትንሽ ልጠብቅ» ያሉኝ ሰዎች ዛሬም ይቆጫቸዋል። አንድ ነገር ግን አልደብቅም፤ ፓምፑን ጨርሶ ለመገላገል አንድ ጂ5 አይበቃም። የአቅጣጫ ጋይሮውም በቫኪዩም የሚዞር ከሆነ ሁለተኛ ጂ5ና ከእሱ ጋር የሚሠራውን ማግኔቶሜትር፣ አቅጣጫን ከምድር ማግኔት የሚያነበውን ዕቃ፣ መጨመር አለባችሁ። ጥቅሙ ደግሞ ትልቅ ነው፤ የአድማሱ ስክሪን ቢጠፋ የአቅጣጫው ስክሪን አድማስ ሆኖ ይተካዋል።

አንድ ጡረታ የወጡ ካፒቴን «ልጄ፣ ጄኔሬተሩ ቢቋረጥ ይህ ስክሪን ምን ያደርገኛል?» ብለው ጠየቁኝ። «ጋሼ፣ የራሱ ባትሪ እስከ 4 ሰዓት ያቆየዋል፤ ከዚህ ድሬዳዋ ደርሰው ይመለሱበታል» አልኳቸው።

አሁን ወደ ወጥመዱ። ጂ5 በቤት ለሚሠሩና ሰርተፊኬት ለሌላቸው አውሮፕላኖች የወጣው በ1,199 ዶላር ነበር። መልኩ ያው፣ የሚገባበት ቀዳዳ ያው፣ የዕቃ ቁጥሩ ግን ሌላ ነው። አንድ ወዳጄ በግማሽ ዋጋ አገኘሁ ብሎ ደስ ብሎት ገዛ፤ ፈቃድ ያለው ተቆጣጣሪ ቁጥሩን አንብቦ መለሰው። ሌላው ደግሞ ያገለገለ ስክሪን ከውጭ አስመጣ፤ ለበረራ ብቁ መሆኑን የሚመሰክረው የአሜሪካ አቪዬሽን ባለሥልጣን (ኤፍኤኤ) ቅጽ 8130-3 ወይም የአውሮፓው (ኢኤሳ) ቅጽ 1 አብሮት አልመጣም። ያለ ወረቀት የመጣ መሣሪያ ቢበራም ቢሠራም አውሮፕላን ላይ አይገባም። ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት የዕቃ ቁጥሩንና የወረቀቱን ፎቶ አስልኩ፤ ሻጩ ካመነታ ተዉት።

ሌሎች የአድማስ ስክሪኖችም አሉ። ዩአቪዮኒክስ ኤቪ-30 በ2,000 ዶላር አካባቢ የወጣ ነው፤ ክብ ስለሆነ የድሮ ፓነል ላይ ያምራል። አልጠላውም፤ ነገር ግን ለጂ5 ትልቅ ስክሪንና ረጅም ባትሪ ልዩነቱን ብከፍል እመርጣለሁ። የራሱ የጋርሚን ጂአይ 275 ከ3,000 ዶላር በላይ ይጀምራል፤ ለብዙዎቻችን ትርፍ ወጪ ነው። አውቶፓይለታችሁ የአድማስ መረጃውን ኬአይ 256 ከሚባለው የአድማስ ጋይሮ የሚወስድ ከሆነ ግን ምክሬን ተዉት፤ ያንን ሥራ ጂ5 አይተካውም፣ ጂአይ 275 ይተካዋል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ፓነሉ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ።

ከተገጠመ በኋላ ስለሚመጣው ጣጣ ደግሞ ልንገራችሁ፤ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚያ ነው። አንድ አውሮፕላን ላይ የክንፍ መብራቱ በበራ ቁጥር አቅጣጫው በ8 ዲግሪ ይዞር ነበር። «ማግኔቶሜትሩ ተበላሽቷል፣ ሌላ ግዙ» ተብለው ነው የመጡት። ክንፉን ከፍተን ስናይ የመብራቱ መመለሻ ሽቦ ከማግኔቶሜትሩ አንድ ስንዝር ርቀት ላይ ከክንፉ አካል ጋር ታስሯል። የመብራቱን መሄጃና መመለሻ ሽቦዎች አንድ ላይ ጠምዝዘን በሌላ በኩል ስናሳልፋቸው መርፌው ቀጥ አለ። የወጣው የአውሮፕላን ሽቦ ዋጋ ብቻ ነው። የመኪና ሽቦ እንዳታስገቡ፤ ሲቃጠል የሚያወጣው ጭስ ጠባብ ጋቢና ውስጥ አደገኛ ነው። ማግኔታዊው የምድር ወገብ፣ የምድር ማግኔት ወደ ታች ሳይስብ አግድም የሚሆንበት መስመር፣ በኢትዮጵያ ስለሚያልፍ ለአውሮፓ ተመጣጥኖ የተሠራ የፈሳሽ ኮምፓስ እዚህ ያዘነብላል። በእሱ ተመርታችሁ ማግኔቶሜትሩን አትኮንኑ፤ ካሊብሬሽኑንም (ልኬቱን ማስተካከሉን) ፌሮ ካለበት ኮንክሪት ርቃችሁ አድርጉ።

ሁለቱ ስክሪኖች እርስ በርስ አልተያዩም? ኃይሉን አጥፉና የመገናኛ መስመሩን በቴስተር ለኩ። 60 ኦም ካነበበ ሁለቱም ጫፎች ደህና ናቸው፤ 120 ካነበበ ከአንዱ ጫፍ መስመሩን የሚዘጋው ማብቂያ ሬዚስተር ጎድሏል። ይህች ልኬት የአንድ ሙሉ ስክሪን ዋጋ አድናኛለች።

ሶፍትዌር ስታዘምኑ ሁለቱም ስክሪኖች አንድ ዓይነት ስሪት ይኑራቸው፤ ዝመናው በአውሮፕላኑ መዝገብ ላይ ተጽፎ ፈቃድ ባለው ባለሙያ ይፈረም። እኔ የተቀጣሁት ዝመናው በሚጫንበት ሚሞሪ ካርድ ነው። መርካቶ 400 ብር የገዛሁት፣ 32 ጊጋባይት የሚል ጽሑፍ ያለበት ካርድ ፎርጅድ ነበር፤ ፋይሉ ሲገለበጥ ምንም አላለም፣ ሲነበብ ግን ተቆራርጦ ወጣ። ሙሉ ቀን ስክሪኑን ስወቅስ ዋልኩ። በ1,200 ብር ኦሪጅናል ስገዛ በደቂቃዎች ውስጥ አለቀ። ካርድ እንደገዛችሁ እስኪሞላ ጽፋችሁ መልሳችሁ አንብቡት። ዝመናውንም በግድግዳ ሶኬት ላይ ተማምናችሁ አትጀምሩ፤ ለገጣፎ መብራት የሚሄድበትን ሰዓት የሚያውቅ የለም። የውስጥ ባትሪ የሌለው አንድ የቆየ ስክሪን በዝመናው መሀል መብራት ሄዶበት ዳግመኛ አልነቃም። አሁን ጠረጴዛዬ ሥር ሙሉ የተሞላ የመኪና ባትሪ አለ፤ ማንኛውንም ዝመና የምጀምረው በእሱ ነው።

ጋይሮውን በጋቢ ያመጣው ሰው ፓነል ላይ አውቶፓይለት የለም። ትናንት ሁለት ጂ5 አዝዟል፤ ሲደርሱ ፓምፑን ነቅለን ቦታውን በክዳን እንዘጋለን።