10 ሠርቶ መሸጥ ወይስ ሁሉን አሟልቶ መክፈት?

በእጅ የተሠራ ሳሙና፣ ሻማ ወይም የቆዳ ቦርሳ ለመሸጥ የተነሣ ሰው ሁለት መንገድ አለው። አንዱ ሎጎው፣ ማሸጊያው፣ ፎቶውና ድረ ገጹ እስኪያምር መጠበቅ ነው። ሌላው ከአንድ ዓይነት ምርት 10 ፍሬ ሠርቶ፣ ቀን ቆርጦ ለገበያ ማውጣት።

የመጠበቅ ችግሩ ማለቂያ ማጣቱ ነው። የሠሪው ዓይን ከእጁ ቀድሞ ስለሚሠለጥን፣ ትናንት ያማረው ስፌት ዛሬ ጠማማ ይመስላል፤ ይፈታል፣ እንደገና ይሰፋል። ገዢው ያንን ስፌት ላያየውም ይችላል፤ የእሱ ጥያቄ «ስልኬን ይይዛል ወይ?» የሚል ነው። ይህን ደግሞ ጓዳ ተቀምጦ መስማት አይቻልም።

በ10 ፍሬ መጀመር ስሕተትን ርካሽ ያደርጋል። ምርቱ ላይ የሚለጠፍ 200 መለያ ታትሞ የምርቱ ክብደት በስሕተት ከተጻፈ ሁሉም ይጣላል፤ በእጅ የተጻፉ 10 መለያዎች ግን ወዲያው ይተካሉ። በአንድ ፍሬ ላይ የፈጀው ሰዓት ይመዝገብ፤ ያለዚያ ዋጋው ግምት ብቻ ይሆናል። ለገበያ ከመውጣቱ በፊት የሚደረግ እርማት ከ2 ጊዜ አይለፍ። መልክን በተመለከተ፣ ቢያንስ 3 ገዢዎች ያነሡት ቅሬታ ብቻ በሚቀጥለው ዙር ይስተካከል።

ደኅንነት ላይ ግን መጠበቅ ያሸንፋል። (ሎጎ ቢዘገይ የሚቃጠል ጣት የለም።) በቀዝቃዛ ዘዴ (ዘይቱና ሶዳው ሳይፈላ ተቀላቅሎ) የተሠራ ሳሙና ከመሸጡ በፊት ከ4 እስከ 6 ሳምንት መቆየት አለበት። ሻማው ከነማስቀመጫው እስከ መጨረሻው ነድዶ ይፈተሽ፤ ክሩ ከወፈረ ነበልባሉ ከፍ ብሎ ብርጭቆውን ሊሰነጥቅ ይችላል። የቦርሳው ማንገቻም ከሚሸከመው በላይ ተጭኖበት አንድ ሌሊት ተንጠልጥሎ ይደር።