ቴርሞፕላስቲክ ኮምፖዚት ለማምረት፦ ኢንጀክሽን፣ ፕሬስ ወይስ ቫኪዩም? ለባሕር ዳር ወርክሾፖች የቀረበ ንጽጽር

ባሕር ዳር ላይ ፋይበር ግላስ ሲባል ቶሎ የሚታሰበው በብሩሽ የሚቀባው ፖሊስተር ሬዚን ነው። ቴርሞፕላስቲክ ኮምፖዚት፣ ማለትም በፋይበር የተጠናከረ፣ በሙቀት የሚቀልጥ ፕላስቲክ፣ ከዚያ ይለያል። ፕላስቲኩ በሙቀት ይቀልጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል፣ ደግሞ ሲሞቅ ደግሞ ይቀልጣል። ማጠንከሪያ ኬሚካል አይጨመርበትም፤ የሬዚኑ የሚያፍን ሽታም የለም። ፖሊፕሮፒሊን ከሚባለው ፕላስቲክ የተሠራው ደግሞ ድንጋይ ሲመታው እንደ ፖሊስተር ቶሎ አይሰነጠቅም።

ችግሩ አንድ ነው። የቀለጠ ፕላስቲክ ከፖሊስተር ሬዚን በመቶዎች እጥፍ ይወፍራል። በብሩሽ አይገባም፤ በፋይበሩ መሀል ለመስረግ ግፊት ይፈልጋል። ለግዢ የሚቀርቡልዎትን ማሽኖች የሚለያያቸውም ይህን ግፊት ከየት እንደሚያመጡትና ለዚያ ስንት እንደሚያስከፍሉዎት ነው።

በአንድ ዕቃ እንየው። የባጃጅ የፊት ፓራፋንጎን የሚያህል፣ 40 በ50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክፍል ሊያመርቱ አስበዋል እንበል። ስፋቱ 2,000 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። በኢንጀክሽን (የቀለጠው ፕላስቲክ በግፊት ወደ ተዘጋ ሞልድ፣ ማለትም ወደ ቅርጽ ማውጫ፣ ሲገባ) ሞልዱ እንዳይከፈት አጥብቆ ለመያዝ በግምት ከ600 እስከ 1,000 ቶን ያስፈልጋል። የተዘበራረቀ ፋይበር ያለውን ሉህ አሙቆ በፕሬስ ለማፍሰስ ከ200 እስከ 400 ቶን፣ በጨርቅ የተሠራውን ሉህ ለማጠፍ ከ20 እስከ 80 ቶን ይበቃል። በቫኪዩም ግን፣ ከታሸገ ከረጢት ውስጥ አየር ሲሳብ፣ የውጪው አየር ራሱ የሚጫነው ከ2 ቶን በታች ነው፤ ፕሬስ የሚባል ነገር አያስፈልግም። ዋጋውም በዚሁ ቅደም ተከተል ይወርዳል፣ የአንዱ ፍሬ የማምረቻ ጊዜ ግን ይረዝማል። ስለዚህ ከሻጭ ጋር ከመነጋገርዎ በፊት በዓመት ስንት ፍሬ እንደሚሸጡ በወረቀት ያስፍሩ።

ኢንጀክሽን

በዓመት አሥር ሺዎች ፍሬ የሚወስድ ደንበኛ ከሌለዎት አንመክርም። ማሽኑ ፈጣን ነው፤ አንዱን ዕቃ በአንድ ደቂቃ ገደማ ያወጣል። ነገር ግን የብረት ሞልዱ ብቻውን ትልቅ ወጪ ነው። 30 በመቶ የመስታወት ፋይበር ያለበት ጥሬ የፕላስቲክ እንክብል ደግሞ ፕላስቲኩን የሚገፋውን ስክሩንና ሲሊንደሩን ይበላል፤ ጠንካራ ሽፋን የሌለው ስክሩ ቶሎ ይሳሳል። ፋይበሩ በመፍጨቱ ብዛት ዕቃው ውስጥ ሲደርስ ርዝመቱ ከግማሽ ሚሊ ሜትር በታች ይሆናል፤ ጥንካሬውም ያንኑ ያህል ነው። ሁለት ፍሰቶች የሚገናኙበትን መስመር ልብ ብለው ይዩ፤ ዕቃው የሚሰበረው አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ላይ ነው።

በሙቅ ሉህ የሚሠራ ፕሬስ

ለብዙ ወርክሾፖች መካከለኛው መንገድ ይህ ነው፤ በዓመት ሺዎች ፍሬ ለሚያመርት ሰው ያዋጣል። ሉሁ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የተዘበራረቀ ፋይበር ያለው የፖሊፕሮፒሊን ሉህ ነው። ከ200 እስከ 220 ዲግሪ ሲሞቅ እንደ ሊጥ ያብጣል፣ ሞልዱ ሲዘጋም ፈስሶ ጥጋጥጉን ይሞላል፤ የማጠንከሪያ ጎድንም ያወጣል። ሁለተኛው በተሸመነ ጨርቅ የተሠራው ነው። ከመጀመሪያው በጣም ይጠነክራል፣ ነገር ግን አይፈስም፤ ይታጠፋል እንጂ አይለጠጥም። ስለዚህ ጥልቅ ማዕዘን ላይ ይጨማደዳል። ሉሁን ዙሪያውን በስፕሪንግ ወጥሮ የሚይዝ ፍሬም ከሌለ ሽብሽቡን ማስቀረት አይቻልም።

እዚህ ላይ ገዢዎች የሚያዩት ቶኑን ብቻ ነው። ከቶኑ እኩል መታየት ያለበት የመዝጊያ ፍጥነቱ ነው። ሞልዱ ከ40 እስከ 80 ዲግሪ ብቻ ስለሚሞቅ፣ ሉሁ እንደነካው ላዩ መጠንከር ይጀምራል። ለብረት ሥራ የተሠራ ፕሬስ በሰከንድ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ የሚወርድ ከሆነ፣ ሞልዱ ሳይሞላ ፕላስቲኩ ቀድሞ ይጠነክራል፤ ላዩ የሻከረ፣ ጠርዙ የጎደለ ዕቃ ይወጣል። በመጨረሻው ጉዞ በሰከንድ ከ15 ሚሊ ሜትር ያላነሰ ፍጥነት ይጠይቁ። ምድጃውም ከፕሬሱ አጠገብ ይሁን፤ ሉሁ ከምድጃ ወጥቶ ሞልዱ እስኪዘጋ ከ10 ሰከንድ ሊያልፍ አይገባም።

ቫኪዩም

ለጀልባ ክፍሎች፣ ለትልልቅ ሽፋኖችና በዓመት ጥቂት መቶ ፍሬ ለሚያመርት ሰው የምንመርጠው ይህን ነው። የሚያስፈልጉት የአሉሚኒየም ወይም የላሜራ ሞልድ፣ 200 ዲግሪ በእኩልነት የሚይዝ ምድጃና የቫኪዩም ፓምፕ ናቸው። ጥሬ ዕቃው የመስታወት ክርና የፖሊፕሮፒሊን ክር አብረው የተሸመኑበት ጨርቅ ነው፤ በክብደት 60 በመቶው መስታወት የሆነው የተለመደ ነው።

ጨርቁ በሞልዱ ላይ ይደረደራል፣ የማያጣብቅ ፊልምና አየር የሚያሳልፍ ጨርቅ ይደረብበታል፣ በመጨረሻ ከረጢቱ ዙሪያውን ይታሸጋል። ከረጢቱና ማሸጊያው ከ200 ዲግሪ በላይ የሚችሉ ይሁኑ፤ ተራው ላስቲክ ይቀልጣል። ምድጃው ከመለኮሱ በፊት ቫልቩን ዘግተው 5 ደቂቃ ይጠብቁ። የግፊት መለኪያው መርፌ በግልጽ ወደ ዜሮ ከተመለሰ ቀዳዳ አለ ማለት ነው። ከዚያ በጨርቁ መሀል የገባው የሙቀት መለኪያ ከ185 እስከ 200 ዲግሪ እስኪያነብ ይሞቃል፤ የምድጃው አየር ሙቀት አይበቃም።

ባሕር ዳር ላይ የሚጨመር ነገር አለ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነች የአየሩ ግፊት 0.82 ባር አካባቢ ነው፤ በባሕር ጠረፍ ግን 1 ባር ነው። መለኪያው −0.8 ባር ላይ ቢቆም ፓምፑ አልተበላሸም፤ እዚህ ከዚያ ብዙም አይወርድም። “−0.95 ካልደረሰ አትጀምር” የሚል መመሪያ ለባሕር ጠረፍ የተጻፈ ነው። የጎደለውን ግፊት በሙቀትና በጊዜ ያካክሱ፦ ወደ 195 ዲግሪ ከፍ አድርገው፣ መሀሉ ከሞቀ በኋላ 20 ደቂቃ ያቆዩት።

መብራት ሲጠፋ የሚሆነውም መታወቅ አለበት። ዕቃው ከ100 ዲግሪ በታች ሳይቀዘቅዝ ቫኪዩሙ ከተለቀቀ ተጨምቆ የነበረው ፋይበር ይነሳል፣ ውስጡም በአየር ቀዳዳ ይሞላል። ምድጃውን በጀነሬተር ማንቀሳቀስ ውድ ነው፤ ፓምፑን ብቻ ግን በትንሽ ጀነሬተር ማቆየት ይቻላል። አየር ወደ ኋላ የማይመልስ ቫልቭ ይግጠሙለት። ደግነቱ የተበላሸው ዕቃ አይጣልም፤ እንደገና ታሽጎና ሞቆ ሊስተካከል ይችላል፣ ፖሊስተር ግን ይህን አይፈቅድም።

ናይለን፣ ቃጫና ጥገና

ሻጮች ናይለን ይጠነክራል ይላሉ፤ ደረቅ ሲሆን እውነት ነው። ውኃ ሲጠጣ ግን ይለሰልሳል። በክረምት ደግሞ የናይለኑ እንክብል ሳይደርቅ ማሽን ከገባ የዕቃው ላይ ነጫጭ ጭረት ያወጣል። ሐይቅ ላይ ለሚውል ነገር ፖሊፕሮፒሊን ይግዙ፣ ፀሐይ መከላከያ የተጨመረበት ወይም ጥቁር የሆነውን። ቃጫ ከፖሊፕሮፒሊን ጋር ተጨምቆ ጥሩ የውስጥ ሽፋን ይወጣዋል፤ ግን ከመጨመቁ በፊት መድረቅ አለበት፣ ከ200 ዲግሪ በላይም ይጠቁራል። ውኃ ለሚነካው ክፍል አይሆንም።

ጀልባው ጎርጎራ ወይም ደቅ ደሴት ላይ ቢቀደድ በፖሊስተር አይለጠፍም፤ አይይዝለትምና። በሙቅ አየር መሣሪያና በፖሊፕሮፒሊን ዘንግ ነው የሚበየደው፤ መሣሪያውንና ዘንጉን ከማሽኑ ጋር አብረው ያዝዙ።

ቅድመ ክፍያ ከመክፈልዎ በፊት በዚያው ማሽን የተሠራ ናሙና ይጠይቁና በመጋዝ ይቁረጡት። የተቆረጠውን ጠርዝ ቀለም ባለው ውኃ ውስጥ አንድ ሰዓት ያቁሙት። ቀለሙ በፋይበሩ ተስቦ ወደ ላይ ከወጣ ፕላስቲኩ ውስጥ ድረስ አልገባም። ሌላ 10 ግራም ቁራጭ ደግሞ በ600 ዲግሪ እቶን ውስጥ አቃጥለው የቀረውን መስታወት ይመዝኑ። 60 በመቶ ተብሎ የተሸጠልዎት 6 ግራም ገደማ ማስቀረት አለበት፤ 4 ግራም ከሆነ የተነገረዎትና የተሸጠልዎት አንድ አይደሉም።